ዋዜማው እንዳያመልጥሽ

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እናትሽስ እንዴት ናቸው? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ዝም ከተባባልን ብዙ ጊዜ ሆነ፤ መቀያየም እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለንና ወቀሳውን ስንገናኝ ቡና ላይ እንጨርሰዋለን። በ2019 ዓ.ም እናትሽን ይዘሽ ስዊድንን ለማየት እንዳሰብሽ፣ ጉዞውንም ከአንድ የአገሩ በዓል ጋር ማገጣጠም እንደምትፈልጊ ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ቀንና ሰዓት የበዛበት ጉዳይ ስለሆነ በስልክ ከምነግርሽ ብጽፍልሽ ይሻላል ብዬ ነው።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዢልኝ፦ ስዊድኖች አብዛኛውን በዓል የሚያከብሩት በዋዜማው ነው። ካላንደሩ ላይ በቀይ የተጻፈው ቀን የሚያርፉበት ነው፤ ድግሱም፣ ጭፈራውም፣ እሳቱም፣ ስጦታውም ያለቀው በፊተኛው ቀን ነው። ገናቸው ዲሴምበር 24 ማታ ያልቃል፤ 25 ቀን የመጣ እንግዳ ባዶ መንገድና የተዘጋ በር ያገኛል። ሚድሶማር የሚሉት የበጋ በዓላቸውም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የአውሮፕላን ትኬት ስትቆርጪ ዋዜማውን ቁጠሪና ከእሱም ሁለት ቀን ቀድመሽ ድረሺ። ከዚህ በታች የምጽፍልሽ ሰዓት ሁሉ፣ ከ2019 በቀር ዓመቱም ሁሉ፣ በእነሱ አቆጣጠር ነው፤ 15:00 ብል በእኛ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ማለት ነው። በእነሱ በጋ፣ በሰኔ አካባቢ፣ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት፣ በእነሱ ክረምት፣ በታኅሣሥ አካባቢ፣ ሁለት ሰዓት ወደኋላ ይቀራሉ።

ለአንቺና ለእናትሽ የምመርጥላችሁ ሉሲያ የሚባለውን የብርሃን በዓል ነው፤ ይህኛው ግን በራሱ ቀን ነው የሚከበረው። ዲሴምበር 13 ቀን፣ በእኛ ታኅሣሥ 4 ይውላል፤ በ2019 እሑድ ነው። ነጭ ቀሚስ የለበሰች፣ ወገቧን በቀይ ጥብጣብ የታጠቀች፣ በራሷ ላይ የሻማ አክሊል የደፋች ልጅ ከፊት ትመራለች፤ ሻማ የያዙ ልጃገረዶች፣ ሾጣጣ ነጭ ቆብ ያደረጉና ኮከብ የተሰካበት ዘንግ የያዙ ወንዶች ልጆች ይከተሏታል። መብራቱ ሁሉ ይጠፋል፤ መዝሙሩ መጀመሪያ ከሩቅ፣ ሰዎቹ ሳይታዩ ይሰማል፤ ከዚያ ብርሃኑ በመካከለኛው መተላለፊያ እየቀረበ ይመጣል። ያን ሰዓት ብልጭታ ያለው ካሜራ ማንሳት ነውር ነው፤ ጭብጨባም እስከ መጨረሻው አይኖርም። የመሪዋ ሻማ እውነተኛ ሲሆን ሰም ፀጉሯን እንዳያቃጥለው ከአክሊሉ ሥር እርጥብ ጨርቅ ይደረጋል፤ ሕፃናቱ ግን በባትሪ የሚሠራውን ነው የሚያደርጉት።

ለምን በዚያ ቀን እንደሆነ ከማንም ይልቅ እኛ ቶሎ የምንረዳው ነገር ነው። አሮጌውን የዩልዮስ አቆጣጠር በሚከተሉበት ዘመን ከዓመቱ ሌሊቶች ሁሉ ረጅሙ ተብሎ የሚታወቀው የሉሲያ ሌሊት ነበር። በ1753 ወደ አዲሱ አቆጣጠር ተሻገሩ፤ ከፌብሩዋሪ 17 በቀጥታ ማርች 1 ብለው 11 ቀን ዘለሉ። ከዚያ በፊትም ቀስ በቀስ እናስተካክል ብለው ሳይሳካላቸው ቀርቶ በ1712 ፌብሩዋሪን 30 ቀን አድርገውታል። ቀኖቹ ተዘለሉ፣ በዓሉ ግን ከቀኑ ቁጥር ጋር ቀረ። ዛሬም ቢሆን ጨለማው አያንስም፦ በዚያ ሰሞን ስቶክሆልም ላይ ፀሐይ 8:35 አካባቢ ወጥታ ከ15:00 በፊት ትገባለች። ከቤት ውጭ የምታዩትን ሁሉ ከ9:00 እስከ 14:00 ባለው ጊዜ ጨርሱ።

የት ታዩታላችሁ? በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት ማለዳ የሚደረገው ለውጭ ሰው ክፍት አይደለም። የኡፕሳላ ካቴድራልንና የስቶክሆልሟን ስቱርሸርካን የመሳሰሉት ትልልቅ አብያተ ክርስቲያናት ግን ከ13 በፊት ባሉት ቀናት ጀምሮ የሉሲያ ኮንሰርት ያሰማሉ፤ ትኬቱ የሚሸጠው በመከር ስለሆነ ዲሴምበር ላይ የፈለገ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ትኬት ካጣሽ አትዘኚ። በየሰፈሩ ያሉት ትንንሾቹ አጥቢያዎች የሰፈሩን ልጆች መዘምራን ያቀርባሉ፤ አብዛኛው ነጻ ነው፤ 45 ደቂቃ ቀድሞ መድረስ ብቻ ነው። እኔን ብትጠይቂኝ ከትልቁ ይልቅ ትንሹ ይበልጥብኛል፤ ሻማው ከፊትሽ ነው የሚያልፈው። 13 ቀን ማለዳ ደግሞ ኤስቪቲ የተባለው የሕዝብ ቴሌቪዥን ያስተላልፈዋል፤ ከመውጣታችሁ በፊት ክፈቱት።

ለእናትሽ ጫማ ነገር አስቢ። በዚያ ወቅት እንግዳን የሚጎዳው ብርዱ ሳይሆን በረዶው ቀልጦ እንደገና ሲረጋ የሚሠራው መስተዋት የመሰለ ንጣፍ ነው። ብሮዳር የሚባል፣ ከጫማ በታች የሚታሰር ባለ ጥርስ ጎማ በጫማ ሱቅና በፋርማሲ ይሸጣል፤ በመጀመሪያው ቀን ግዢላቸው። ቤት ውስጥና ለስላሳ ወለል ላይ ሲገቡ ይውለቅ፤ እዚያ ደግሞ እሱ ራሱ ያንሸራትታል።

የሉሲያ ዳቦ ሉሰካት ይባላል፤ ሳፍሮን በሚባል ቅመም ቢጫ የሆነ፣ እንደ ኤስ ፊደል የተጠቀለለ፣ በሁለቱ ጫፍ ዘቢብ የተሰካበት። ወቅቱ ጾመ ነቢያት ነውና ከዳቦ ቤት የሚገዛው ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ስላለበት ለእናትሽ አይሆንም። የጾሙን መጠን እጽፍልሻለሁ፣ እዚያው አዲስ አበባም ሊሞክሩት ይችላሉ። 1 ግራም ሳፍሮን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ጋር በሙቀጫ ውቀጪ፤ ሳይወቀጥ ከገባ ቀለሙ በጭረት በጭረት ይቀራል እንጂ ሊጡን ሁሉ ቢጫ አያደርገውም። 175 ግራም ወተት የሌለበት ማርጋሪን አቅልጪ፣ ግማሽ ሊትር የአጃ ወተት ጨምሪበትና ጣትሽን ስትከቺበት ትኩስም ቀዝቃዛም እስከማይልሽ፣ 37 ዲግሪ ያህል አድርጊው። 50 ግራም እርጥብ እርሾ ወይም 14 ግራም ደረቁን በዚያ አሟሚ፤ ፈሳሹ በጣም ከሞቀ እርሾው ይሞታል። ሳፍሮኑን፣ 130 ግራም ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሪ፤ ከዚያ እስከ 900 ግራም የስንዴ ዱቄት ቀስ በቀስ እየጨመርሽ አሥር ደቂቃ አቡኪው።

ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሊጡ እጅ ላይ ትንሽ መያዝ አለበት፤ ደረቅ እስኪል ድረስ ዱቄት የተጨመረበት ሉሰካት በማግስቱ ይፈረፈራል፤ ሳፍሮን ራሱ ዳቦን ያደርቃልና። ተሸፍኖ 40 ደቂቃ ይነሳ፤ በ30 ተከፍሎ ይጠቅለል፤ እንደገና 30 ደቂቃ ይረፍ፤ በ225 ዲግሪ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ይጋገር። ወርቃማ ሲል አውጪው፣ ቡናማ አትጠብቂ። አዲስ አበባ ከፍታው ሊጥን ቶሎ ስለሚያስነሳ ሰዓቱን ሳይሆን ሊጡን እዩ፤ እጥፍ ከሆነ በቂ ነው። እዚህ አገር ሳፍሮን የሚሸጠው በግማሽ ግራም ፓኬት ስለሆነ ሁለት ፓኬት ያስፈልጋል፤ ውድ በመሆኑም መደርደሪያ ላይ ካላያችሁት ገንዘብ ተቀባዩን ጠይቁ።

የጾሙን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ ለመላው ጉዞሽ የሚሆን ነው። እሽግ ላይ ቬጋንስክ የሚል ካለ ከእንስሳ የመጣ የለበትም ማለት ነው። ያ ከሌለ የይዘት ዝርዝሩን ተመልከቺ፦ ምዮልክ ወተት፣ ስሞር ቅቤ፣ ኤግ እንቁላል፣ ግሬደ ክሬም ነው። ሕጉ ስለሚያስገድድ ወተትና እንቁላልን የመሰሉት በደማቅ ፊደል ስለሚጻፉ ቋንቋ ባታውቂም ዓይንሽ ይይዛቸዋል። ፔፓርካካ የሚባለው ቀጭን የዝንጅብል፣ የቀረፋና የቅርንፉድ ብስኩት ከታሸጉት መካከል ያለ ቅቤ የተሠራ ብዙ አለ፤ በሉሲያ ሰሞን እናትሽን ያድናቸዋል። ግሎግ የሚሉት በቅመም የሚሞቅ ወይን ነው፤ አልኮል የሌለው በየሱቁ አለ፣ የሚጠጣውም በዘቢብና በለውዝ ነው።

ክረምቱን ፈርተሽ በጋን ከመረጥሽ ሚድሶማር ነው። ዋዜማው ሁልጊዜ ዓርብ ነው፣ ከጁን 19 እስከ 25 ባለው መካከል፤ ከ1953 ጀምሮ እንዲህ ተደንግጓል። በ2019 ዓ.ም ሰኔ 18 ይውላል። ጰራቅሊጦስ ሰኔ 13 ስለሆነ ጾመ ሐዋርያት ከገባ አምስተኛ ቀኑ ነው፣ በዚያ ላይ ዓርብ። ማዕዱ ደግሞ በኮምጣጤ፣ በስኳርና በሽንኩርት የተዘፈዘፈ ሄሪንግ ዓሣ፣ ኮምጠጥ ያለ ክሬም፣ ከላዩ የተከተፈ የሽንኩርት ቅጠል፣ በእንስላል የተቀቀለ አዲስ ድንች፣ ለማጣፈጫም እንጆሪ ነው። ለጿሚ የሚተርፈው ድንቹና እንጆሪው ነው፤ ቅቤ ሳይፈስበት ድንቹ እንዲነሳላችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ። የሰኔው አዲስ ድንች ልጣጩ በጣት የሚነሳ፣ እንስላሉ ሥጋው ድረስ የገባ ነውና እንደ ማባያ አትመልከቱት።

ስቶክሆልም በዚያ ቀን ባዶ ናት። ሰው ሁሉ ወደ ገጠር ይወጣል፣ ብዙ ምግብ ቤት ይዘጋል፣ ሱቆች በጊዜ ይዘጋሉ፣ አውቶቡስ ይቀንሳል። ጠንከር ያለ መጠጥ የሚሸጠው የመንግሥቱ ሲስተምቦላጌት ከዓርብ እስከ እሑድ ዝግ ስለሆነ ሐሙስ ሰልፉ መንገድ ድረስ ይወጣል። ለሦስት ቀን የሚሆን ምግብ ሐሙስ ከሰዓት በፊት ያልገዛ እንግዳ ሲቸገር የሚውለው ለዚህ ነው።

በከተማው ውስጥ ከቆያችሁ ስካንሰን አለ፤ በ1891 የተመሠረተ፣ ከየክፍለ አገሩ የመጡ አሮጌ ቤቶች የተተከሉበት የአየር ላይ ሙዚየም ነው። ትኬት ይዛችሁ በጠዋት ከገባችሁ ሰው ዙሪያውን የሚጨፍርበትን የበዓሉን ምሰሶ በበርች ዛፍ ቅጠልና በአበባ ሲያለብሱት ታያላችሁ፤ ሰው የሚጎርፈው ግን ከሰዓት ሲተክሉት ነው። ትልቁን ከፈለጋችሁ ዳላርና በተባለው ክፍለ አገር ሌክሳንድ ነው፣ ሲልያን ሐይቅ ዳር፤ ከስቶክሆልም በባቡር ሦስት ሰዓት ገደማ። እዚያ ምሰሶው የሚነሳው ማታ ነው፤ ወንዶቹ እንደ መቀስ በተሳሰሩ ረጃጅም እንጨቶች እየደገፉ፣ በየእርከኑ እያረፉ ያቆሙታል፤ ሕዝቡም በአንድ ድምፅ ያበረታታቸዋል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ይጀምራል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሲበተን የመመለሻ ባቡር የለም፤ ማደሪያው ከወራት በፊት ተይዟል። አልጋ ሳትይዢ ወደዚያ አትሂጂ። ለእናትሽ የሚሻለው ሦስተኛው መንገድ ነው፦ በየወረዳው ሄምብይግድስጎርድ የሚባል የአካባቢው ታሪክ ማኅበር ግቢ አለ፤ ቀትር ላይ ምሰሶ ተክለው፣ ቡናና ኬክ ሸጠው፣ ሕፃን ሽማግሌው ዙሪያውን እንደ እንቁራሪት እየዘለለ ይጨፍራል። ብዙውን ጊዜ መግቢያ አይከፈልበትም፤ እንግዳም ገብቶ ይጨፍራል እንጂ ቆሞ አያይም።

የዝናብ ልብስ ሳትይዙ አትውጡ፤ ሚድሶማር ዝናብና 14 ዲግሪ ሲሆን ማንም አይገርመውም። ሣር ላይ ከተቀመጣችሁ ማታ ከጉልበት ኋላ፣ ብብትና ፀጉር ሥር መዥገር ፈልጉ፤ ከተገኘ ከቆዳው ጥግ በወረንጦ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፣ አትጠምዝዙት፣ ቅቤም አትቀቡት። ሌሊቱ ስለማይጨልም የዓይን መሸፈኛ ይዛችሁ ኑ።

ሌሎቹን ባጭሩ ልንገርሽ። ቫልቦሪ የጸደይ መቀበያ እሳት ነው፣ ኤፕሪል 30። ኡፕሳላ ላይ ተማሪዎች በጠዋት በሠሩት ጀልባ ፊሪስ ወንዝ ይወርዳሉ፤ 15:00 ላይ ካሮሊና ሬዲቪቫ በተባለው ቤተ መጻሕፍት ፊት ነጭ ቆባቸውን ያውለበልባሉ፤ ማታ ጋምላ ኡፕሳላ ላይ ደመራ የመሰለ እሳት ይነዳል። ግን በ2019 ያ ቀን ሚያዝያ 22፣ ስቅለት ነው። ስለዚህ ለእናንተ በዚያ ዓመት አይሆንም፤ በሌላ ዓመት ታዩታላችሁ።

ዮክሞክ ግን ለብቻው ደብዳቤ የሚገባው ነው። ከአርክቲክ ክበብ በላይ፣ ሦስት ሺህ የማይሞላ ሰው በሚኖርባት ከተማ፣ ከ1605 ጀምሮ ሳሚ የተባለው የሰሜኑ ነባር፣ አጋዘን አርቢ ሕዝብ የክረምት ገበያ ይቆማል፤ በፌብሩዋሪ የመጀመሪያው ሐሙስ ገብቶ ቅዳሜ ያበቃል። በ2019 ጥር 27 ነው። ያቋቋሙት ነጋዴውን ሰብስቦ ግብር ለማስከፈል ሲሉ ነገሥታቱ ነበሩ፤ ዛሬ ግን የሳሚዎቹ ትልቁ መገናኛ ነው። የአጋዘን ሩጫ፣ ያጨሱት የአጋዘን ሥጋ፣ ከበርች እንጨት የተፈለፈለ ጽዋ፣ ከቀንድ የተሠራ ቢላ አለ። ሳሚ ዱኦጂ የሚል ምልክት የተንጠለጠለበት ዕቃ በሳሚ እጅ የተሠራ ነው። የሰውን ባህላዊ ልብስ አትንኪ፣ ሳትጠይቂ ፎቶ አታንሺ፤ ስንት አጋዘን አለህ ብለሽም አትጠይቂ፣ ከብቱን ቁጠርልኝ እንደማለት ነው። ከዜሮ በታች 30 ሲደርስ የስልክ ባትሪ በደቂቃዎች ይሞታል፤ ደረት ኪስ ውስጥ፣ ከሸሚዝ አጠገብ ይሁን። ከውስጥ የሱፍ እንጂ የጥጥ ልብስ አይደረግም፤ ጥጥ ላብን ይዞ ያቀዘቅዛል። ጫማ ከልክሽ በአንድ ቁጥር ይብለጥ፤ የጠበበ ጫማ ደም ከልክሎ ጣት ያስበላል። አልጋ ከዓመት በፊት ስለሚያልቅ ለ2019 ካሰብሽ ሉሌኦ ከተማ አድረሽ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ያህል መጓዝ ነው የሚቀረው። እናትሽን ግን ወደዚያ አልመክርም።

የየቭሌ ከተማን ፍየል ለማየት ከሉሲያ ጋር ማጣመር ይቻላል፤ ከ1966 ጀምሮ በየዓመቱ የሚቆም 13 ሜትር የጭድ ፍየል ነው፣ ከስቶክሆልም በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል። የሚቆመው አድቬንት በሚሉት የገና መጠበቂያ ሰሞን የመጀመሪያ እሑድ፣ በ2019 ኅዳር 20 ነው። በብዙ ዓመታት በድብቅ ስለተቃጠለ፣ በ2023 ደግሞ ጭዱ ውስጥ የቀረውን እህል ወፎች ለቅመው ስላራቆቱት፣ በቶሎ የሄደ ነው የሚያየው። በጁን ከመጣሽ ለ1912ቱ ኦሊምፒክ በተሠራው ስታዲየም ዳይመንድ ሊግ የተባለው የአትሌቲክስ ውድድር ይካሄዳል፤ ገንዘቤ ዲባባ በ2014 የቤት ውስጥ 3000 ሜትርን በ8:16.60 ሮጣ ክብረ ወሰን የሰበረችው በዚሁ ከተማ ነውና አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ይዘሽ ብትገቢ ብቻሽን አትሆኚም።

ገንዘብን በሚመለከት፣ ጥሬ ብር የማይቀበል ሱቅና አውቶቡስ ብዙ ነው። የገበያ ድንኳኖች ስዊሽ በሚባል የስልክ ክፍያ ይሠራሉ፤ እሱ ደግሞ የአገሩን ባንክና መታወቂያ ቁጥር ስለሚጠይቅ ለእንግዳ አይሆንም። በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ከባንክሽ አውጪ፣ ለእናትሽም ለብቻ ይኑራቸው።

ቪዛው ከሁሉ ቀድሞ ይጀመር። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ነው። ከአፕሪል 2024 ወዲህ የአውሮፓ ኅብረት በኢትዮጵያውያን ላይ ባወጣው ደንብ የመደበኛው ውሳኔ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፣ የሚሰጠውም የአንድ ጊዜ መግቢያ ነው፤ ስታመለክቺ ደንቡ እንዳለ መሆኑን ከኤምባሲው አጣሪ። አንድ ጊዜ መግቢያ ስለሆነ ወደ ለንደን ደርሶ መመለስ አይቻልም፤ ኮፐንሃገንና ኦስሎ ግን በዚያው ቪዛ ይታያሉ። የጉዞ መድን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ ፓስፖርቱም ከመውጫ ቀንሽ በኋላ ሦስት ወር የሚቀረው መሆን አለበት። ለሉሲያ ከሆነ ሰነዱ ሁሉ በጥቅምት መጀመሪያ ገብቶ ማለቅ ይኖርበታል።

እናትሽ ገናን ከእኛው ጋር ካላከበርኩ አልመለስም ካሉ ጉዞውን አርዝሚው። የእኛ የገና ዋዜማ ጃንዋሪ 6 እዚህ የሕዝብ በዓል ነው፤ ሥራ ስለሌለ ኢትዮጵያውያኑ ሌሊቱን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ያድራሉ። ከሉሲያ እስከ ገና ያለው ሦስት ሳምንት ተኩል ነውና ቪዛውን ስትጠይቂ ቀኑን በዚያው ልክ ጻፊ፤ አንዴ ከወጣ ከባድ ምክንያት ካልመጣ በቀር አይራዘምም።

ለእናትሽ ጉልበታቸውን ስሚልኝ። የመረጥሽውን ቀንና የእናትሽን የጫማ ቁጥር ቶሎ ላኪልኝ፤ ብሮዳሩ በቁጥር ነው የሚሸጠው።

ሁልጊዜም የምትናፍቂኝ
ጓደኛሽ፣ ከስቶክሆልም